ከእናቴ ጋር ዘጌ፦ የስድስት ቀን የጦጣ ማስታወሻ

የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል ያረፈችው መስከረም 21 ቀን 2018 ነው፤ የግሸን ማርያም ዕለት። በ91 ዓመቷ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ንግግር ልታደርግ በሄደችበት። ዜናውን የሰማሁት በሁለት ክፍለ ጊዜ መሀል፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ካርቶን አንድ ሰማያዊ ደብተር አወረድኩ። ጥር 2012 ላይ ከእናቴ ጋር ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዘጌ ሄጄ የጻፍኩበት ደብተር ነው። ከዚህ በታች ያለው ከዚያው የተገለበጠ ነው። የተቆረጡ ዓረፍተ ነገሮችን ሞልቻለሁ፤ ስለ ጄን ሕይወት የማውቀውንም ያኔ ባሰብኩበት ቦታ ላይ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረስን። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነው። እናቴ በሶ፣ ቆሎ፣ ለምናርፍበት ቤት ስኳርና ሻማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛለች። ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ መለኪያው ግን ከቦርሳዋ አይወጣም።

ይህን ጉዞ ለማድረግ 12 ዓመት ፈጅቶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጥናቴን ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ መሥራት ፈልጌ ነበር። ጭላዳ በዓለም ላይ ከእኛ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ኑሮው ሣር በመብላት ነው፤ ሳይንሱ የሚጠራውም በእኛው ቃል ነው። አማካሪዬ ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን ገደል አፋፍ ላይ ምን ትሠራለች?» ብሎ ርዕሴን አስቀየረኝ። የውኃ ናሙና ስመረምር ቆይቼ ተመረቅኩ፤ ከዚያ አስተማሪ ሆንኩ። ማስተማሩን እወደዋለሁ። ያቺ ጥያቄ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረች። ዘንድሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተቀምጬ ጦጣ ልይ ብዬ ለእናቴ ስነግራት «ብቻሽንማ አትሄጂም» አለች፤ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

ደጀን እስክንደርስ የጄንን ነገር አወራኋት። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 ተወለደች። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ገንዘብ ቤት ውስጥ ስላልነበረ የጸሐፊነት ሙያ ተማረች። በኋላም ምግብ ቤት ውስጥ እያስተናገደች የመርከብ መሳፈሪያ አጠራቀመችና በ1957 ኬንያ ገባች። እዚያ ሉዊስ ሊኪ የተባለውን ተመራማሪ አገኘች፤ እሱም በመጀመሪያ በጸሐፊነት ቀጠራት፣ ቀጥሎ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ያሉትን ቺምፓንዚዎች እንድታጠና ወደ ጎምቤ ላካት። አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ግን ወጣት ሴት ብቻዋን ጫካ አትገባም አሉ። አብራት የሄደችው እናቷ ቫን ነች። ጁላይ 1960 ላይ ሁለቱም አንድ ድንኳን ውስጥ ገቡ።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለች እናቴ።

«26።»

«እናትየዋስ ቤቷን ማን ጠበቀላት?»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። የትኛውም ጽሑፍ ላይ ሳነብ አልጠየቅኩም።

ሊኪ ከጄን በኋላ ሌሎች ሁለት ሴቶችን እንደላከም ነገርኳት፦ ዳያን ፎሲ በ1967 ሩዋንዳ ውስጥ የተራራ ጎሪላ፣ ቢሩቴ ጋልዲካስ በ1971 ቦርኒዮ ደሴት ላይ ኦራንጉታን ማጥናት ጀመሩ። ፎሲ በዲሴምበር 1985 በዚያው በተራራው ቤቷ ውስጥ ተገድላ መገኘቷን ግን አልነገርኳትም።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው መኪና ይጠብቃሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው በመስኮት ዳቦ ወረወረ። ትልቁ ወንድ አነሣው፤ ከጎኑ የነበረችው እናት ልጇን ሆዷ ሥር አጥፋ ሸሸች። ባሕር ዳር የደረስነው ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነው። ዘንባባዎቹ ሥር ትንሽ ተራመድን፣ ሐይቁን አየን፣ ተኛን።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ክብራን ገብርኤልን በስተቀኝ አለፍነው፤ ሴት የማይገባበት ገዳም ስለሆነ እናቴ ከጀልባው ላይ ሆና ተሳለመች። ከፊት ለፊታችን የደንገል ታንኳዎች ይመጣሉ፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ማገዶ ጭነዋል፤ ሁሉም ወደ ባሕር ዳር። እስከ ሦስት ቆጠርኩና ተውኩት።

ዘጌ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ይህ ምላስ መሬት ብቻ በደን ተሸፍኖ የቀረው፣ እንደሚሉት፣ አባ በትረ ማርያም «ማረሻም በሬም አታግቡ፤ ቡናው ይበቃችኋል» ብለው ስላወገዙ ነው። ሕዝቡ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እየሸጠ ኖረ። ቡና ጥላ ይፈልጋልና ትልልቁን ዛፍ አልቆረጠም።

ገና እግራችን መሬት ሲረግጥ አንዲት ጦጣ ከእናቴ እጅ ዳቦ ነጥቃ ሄደች። ክንዷን ሳትነካ፣ ዳቦውን ብቻ። እናቴ ደንግጣ ቆመች። አጠገባችን የነበሩ ጎብኚዎች ሙዝ እየወረወሩ ፎቶ ያነሣሉ፤ ጦጦቹ እርስ በርስ ይናከሳሉ፤ አንዷ ጆሮዋ ደምቷል። እኔ ይህን ሳይ የታወሰኝ ራሷ ጄን ነች። ጎምቤ ላይ ቺምፓንዚዎቹን ለማቅረብ ሙዝ ማደል ጀምራ ነበር። ቀረቡላት፤ ግን ምግቡ አንድ ቦታ ላይ ሲከመር ጠባቸው በረታ። በኋላ አደላውን መቀነስ ግድ ሆነ፤ ለትችትም ዳረጋት። ይህን ስሕተት ተማሪዎቼ ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ያላየነውን ለማየት ብለን የምናየውን ነገር እንዴት እንደምናበላሽ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ያረፍነው አፋፍ ላይ፣ የሥራ ባልደረባዬ እናት ቤት ነው። እማማ ጉልበቴን ስመው ሊያስገቡን ምንም አልቀራቸው። እግራችንን ታጠብን። ቡና ቀረበ፤ ከጓሯቸው የተለቀመ፣ እዚያው የተቆላ። በአቦሉ ከየት እንደመጣን ጠየቁ፣ በቶናው ለምን እንደመጣን። «ጦጣ ልታይ» አለች እናቴ በእኔ ፈንታ። እማማ ጀበናውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። «ሌባ ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ?»

ረቡዕ፣ ጥር 27

ቀኑን ሙሉ ያየሁት ጭራ ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጣሁ። መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ እንዲሉ፣ ደህና ጥላ ያለው ሾላ ሥር ቦታ መረጥኩ። መንጋው መጣ፤ 15 ያህል ይሆናሉ። አየሁ ስል አዩኝ፤ ቅርንጫፍ ተንቀሳቀሰ፤ የሉም። ተከተልኳቸው። ራቁ። ሮጥኩ። ጠፉ። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ። ወደብ ላይ ዳቦ የሚነጥቁት የለመዱ ናቸው፤ ደን ውስጥ ያሉት ግን ወንጭፍ የሚያውቁ ናቸው።

ጄን ላይም የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ አለፉ። ቺምፓንዚዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይሸሹ ነበር። እሷም እናቷም ወባ ታመው ድንኳን ውስጥ ወደቁ። ገንዘቡ የተሰጠው ለጥቂት ወራት ስለሆነ ጊዜው እያለቀባት ነበር። ከዚያ አንድ ከፍታ አገኘች፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ለብሳ፣ የሩቅ ማሳያ መነጽሯን ይዛ፣ እዚያው ቦታ ተቀመጠች። ለምዷት መሸሽ ያቆመው የመጀመሪያው አገጩ ላይ ሽበት ያለው ወንድ ነበር፤ ዴቪድ ግሬይቢርድ አለችው። ኖቬምበር 1960 ላይ እሱ ሣር ወደ ምስጥ ኩይሳ ቀዳዳ እየሰደደ፣ ምስጦቹ ሲነክሱት አውጥቶ ሲልስ አየችው። እንዲያውም ቅጠል ያለው እንጨት ሰብረው፣ ቅጠሉን መልምለው ይጠቀሙበት ነበር። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ሊኪን ያስፈነደቀ ዜና ነበር።

ማምሻውን ደክሞኝ ስመለስ የእማማ የልጅ ልጅ፣ የ13 ዓመት ልጅ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወንጭፍ ይጎነጉናል። ቡና ጠባቂ ነው።

«እትዬ፣ ቀን ሲያሯሩጡዎት አየሁ» አለ። «አይከተሏቸው። መንገዳቸው አንድ ነው። ቀድመው ይቀመጡ፣ እነሱ ይመጣሉ።»

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። መደቡ ላይ ሴቶች ተደርድረዋል፤ እናቴ የአንዷን ክንድ አስራ የመለኪያውን አምፖል እየጨመቀች «አይናገሩ፣ አይናገሩ» ትላለች። ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግሮ ነው የመጣው። አንዲት ሴት ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነገ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እያስማለቻት ነበር።

ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ቫንም ይህንኑ አድርጋለች። ልጇ ጫካ ስትውል እሷ ሐይቁ ዳር ትንሽ ክሊኒክ ከፍታ ለዓሣ አጥማጆቹ ቀላል ቀላል መድኃኒት ትሰጥ፣ ቁስል ታጥብ ነበር። በዚያ ምክንያት የአካባቢው ሰው ሁለቱን ወዳጅ አደረጋቸው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። ማንም አልነገራትም።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ይህን ቀን ሙሉውን መጻፍ እፈልጋለሁ።

ልጁ ቦታዬን መረጠልኝ። ዋንዛና ሾላ የተጠጋጉበት፣ ሥሩ ቡና የሆነ ቦታ። «እዚህ ይቀመጡ፤ አይዩዋቸው፤ መሬት መሬት ይዩ» አለኝ። ወንጭፉን እኔ ዘንድ ትቶ ባዶ እጁን አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ማድረጉ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። የደረሰ ቡና ዛፉ ላይ አለ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ከፊት ሻለቃ። ሻለቃ ያለው ልጁ ነው። ትልቁ ወንድ ነው፤ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ቀድሞ ወጥቶ ይቆማል። ቀጥሎ ወይዘሮዋ፦ ማንም ጦጣ ከቦታዋ የማያስነሣት፣ ስትመጣ ሌሎቹ የሚለቁላት። ሆዷ ላይ ፊቱ ገና ያልጠቆረ ሕፃን ተለጥፏል። ከኋላ ቆራጣው፣ ጭራው ግማሽ የሆነ ጎረምሳ። ልጁ 11 ስም ጠራልኝ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጄንን የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኖራት ለዶክትሬት ሲቀበላት፣ መምህራኑ ለእንስሳት ስም መስጠቷን ነቅፈው ቁጥር ስጪ ብለዋት ነበር። እሷ ግን ስሞቹን አልተወችም። የዘጌ ቡና ጠባቂ ያለ ካምብሪጅ ፈቃድ እዚያው ደርሷል።

ወይዘሮዋ ከእኔ ስምንት እርምጃ ያህል ርቃ ቡና ላይ ወጣች። ፊቷ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር አለ፤ የጉንጯ ነጭ ፀጉር ወደ ኋላ ተኝቷል። ቀዩን ብቻ ትለቅማለች፤ አረንጓዴውን በጣቷ ገፋ አድርጋ ታልፈዋለች። ሳታኝክ ጉንጯ ውስጥ ትከታለች፤ ጦጣ ጉንጯ ከረጢት አለው። ሁለቱ ጉንጮቿ እስኪወጠሩ ሞላች፣ ዋንዛው ላይ ወጣች፣ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ ጉንጯን ከውጭ ገፋ እያደረገች አንድ አንድ ወደ ጥርሷ ታመጣለች። ጣፋጩን ልጣጭ መጠጠች፤ ፍሬውን ተፋች። ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ልጁ በኋላ ሄዶ ፍሬዎቹን ከቅጠሉ ላይ ለቀመና ኪሱ ከተተ። «አያቴ ይሄን ለብቻው ነው የምትቆላው» አለኝ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከላይ አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ ሁሉም ከዛፉ ጫፍ ወርደው ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። «ንስር» አለ ልጁ ቀና ሳይል። ቀና ስል ሐይቁ በኩል አንድ ትልቅ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ያንዣብባል። እንዴት አወቅህ አልኩት። «የእባቡ ሌላ ነው፤ ያን ሲሉ በሁለት እግራቸው ቆመው ሣር ሣሩን ያያሉ። የውሻው ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ዛፍ ላይ ይወጣሉ።»

ያቺን ቅጽበት ምን ልበላት። ይህን ነገር ዶሮቲ ቼኒ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባለቤቷ ከሮበርት ሴይፋርዝ ጋር ኬንያ፣ አምቦሴሊ ውስጥ የእኛ ጦጣ የቅርብ ዘመድ በሆኑት ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትመውታል። ጩኸቶቹን ቀዱ፤ ድምፅ ማጉያ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው ነብርም ንስርም እባብም በሌለበት አሰሟቸው። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ፤ የንስሩን ሲሰሙ ሽቅብ አዩ ወይም ቁጥቋጦ ገቡ፤ የእባቡን ሲሰሙ ቆመው መሬቱን አዩ። ጩኸቱ የፍርሃት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ምን እንደመጣ ይናገራል። ቼኒ እ.ኤ.አ. በ2018 አርፋለች። ልጁ ስሟን ሰምቶ አያውቅም። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ከመጽሐፍ አስተምር ነበር፤ በጆሮዬ የሰማሁት ግን ዛሬ ነው።

ከቼኒ ሥራ ሁሉ እኔ ይበልጥ የምወደው ሌላውን ሙከራ ነው። የአንድ ግልገል ጦጣ ልቅሶ ቀድተው ለእናቶች አሰሙ። እናቱ ወደ ድምፁ ዞረች። ሌሎቹ እናቶች ግን ወደ ድምፁ ሳይሆን ወደ እናቱ ዞሩ። የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ።

ማታ ይህን ለእናቴና ለእማማ ነገርኳቸው። ሴቷ ጦጣ በተወለደችበት መንጋ ኖራ እንደምትሞት፣ ማዕረጓን ከእናቷ እንደምትወርስ፣ ሲያድግ ወጥቶ ሌላ መንጋ የሚገባው ወንዱ እንደሆነ ጨመርኩ። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኛን በ14 ዓመታችን በበቅሎ ጭነው ሲወስዱን!» አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ስለ ሠርጋቸው አወሩ፣ እናቴም ስለ ራሷ እናት፤ እኔ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን።

ዓርብ፣ ጥር 29

ዛሬ ጥቂት ነው ያየሁት። ሁለት መንጋዎች ሾላው ላይ ተገናኝተው ተጯጯሁ፤ ወይዘሮዋ ራሷ ወጥታ አባረረች። ሰው ብቻ ነው የሚዋጋ የሚል ካለ ጎምቤን ይጠይቅ፦ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1978 አንድ የቺምፓንዚ መንጋ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወገን የሌላውን ወንዶች እየተከታተለ ጨርሷል። ጄን ከእኛ የተሻሉ መስለውኝ ነበር ብላለች።

ከምሳ በኋላ ከእማማ ባለቤት ጋር ደኑን ዞርን። እሳቸው የሚያሳዩኝ ጦጣ ሳይሆን ጉቶ ነው። ይሄ ወይራ ነበር፤ ይሄ የተቆረጠው ዓምና ነው፤ ይሄን ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ፣ ልጁ ሥራ የለውም። ታንኳዎቹ ላይ ያየሁት ማገዶ ታወሰኝ። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር (የሰውና የተፈጥሮ) ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እኚህ ሽማግሌ ግን የሚጨነቁት ቡናው ጥላ አጥቶ እንዳይደርቅ ነው። ትክክል ናቸው። ያ ጥላ የጦጣውም ቤት ነው።

ጄንን ከጫካ ያስወጣትም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቺካጎ ላይ በተደረገ የቺምፓንዚ ተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ ደኑ በየአገሩ እየጠፋ መሆኑን ሰማች፤ ከዚያ በኋላ በዓመት 300 ቀን ገደማ በጉዞ ላይ ሆነች። በጎምቤ ላይ በትንሽ አውሮፕላን ስታልፍ ፓርኩ በተራቆተ ኮረብታ የተከበበ ጠባብ ደን ሆኖ አየችው። በ1994 መንደሮቹን ይዞ የተጀመረው ሥራ ዛፍ ትከሉ ብሎ አልጀመረም፤ ሰዎቹን ምን ይጎድላችኋል ብሎ ነው የጀመረው። ደግሞም ቀድሞ በ1975 ጎምቤ ላይ አራት ወጣት ተመራማሪዎች ታፍነው ተወስደው ነበር፤ በኋላ ተለቀዋል። የውጭ ሰው መቆየት ሲያቅተው ጥናቱን ያላቋረጡት የታንዛኒያ ተወላጅ ረዳቶቿ ናቸው። የእነሱ ደብተሮች ባይኖሩ የዚያ የቺምፓንዚዎቹ ጦርነት ታሪክ ግማሹ አይታወቅም ነበር።

ልጁን አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ሰጠሁት። መስመር አስምሬ አሳየሁት፦ ሰዓት፣ ማን፣ ምን አደረገ። «ወንጭፍ ስወነጭፍም ልጻፍ?» አለኝ። ጻፍ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ጀልባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ሲያስለኝ ስላደረ ንጋት ላይ መነሣት አቃተኝ፤ ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች፤ እናቴ አልጋው ላይ የለችም፤ መነጽሩም ደብተሩም የሉም። ደንግጬ ስወጣ ከልጁ ጋር ሆነው ከደኑ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ነጠላዋ ጤዛ ጠጥቷል። ደብተሩን ሰጠችኝና ዕቃ ወደ ማሰሩ ገባች። ጀልባው ላይ ገለጥኩት። ቀጥሎ ያለው የእናቴ ጽሑፍ ነው፤ የታማሚ ካርድ ላይ እንደምትጽፈው፣ አጭር አጭር።

«12፡40። ሻለቃ ከላይ። አየን፣ ዝም አለ።

12፡50። ወይዘሮዋ መጣች። ሕፃኑ ሆዷ ላይ። ይጠባል፤ ደህና ይመስላል።

12፡55። ትንሿ ሴት ተጠጋች፣ እጇን ዘረጋች። እናትየው ሰጠቻት። አቀፈችው፣ ግን ዘቅዝቃ።

1፡00። ሕፃኑ ጮኸ። እናትየው መጥታ ወሰደችው።

1፡05። ትንሿ እንደገና ዘረጋች። ከለከለቻት።

1፡15። እንደገና። ሰጠቻት። አሁን ደህና አድርጋ ያዘች።»